ዋስ ለወርቅ እንጂ ለእናት አይሆንም

አዲስ አበባ ውስጥ ለአረጋዊ ወላጁ አስታማሚ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ «ዋስ አላት?» ብሎ ይጠይቃል። ካላት ነገሩ አለቀ። መታወቂያዋ ኮፒ ይደረጋል፣ ዋሱ ይፈርማል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል፤ ዋሽንግተን ያለው ልጅም ተረጋግቶ ደመወዝ መላክ ይጀምራል። ይህ መረጋጋት መሠረት የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል። መጠኑ ያልተጻፈበት ወረቀት እንግዲህ ለወርቁም አይሆንም። መጠኑ ቢጻፍበት እንኳ ዋስ የሚመልሰው ገንዘብ ነው፤ የቆሰለ ገላ አይመልስም።

«ታማኝ ናት፣ እግዚአብሔርን ትፈራለች» ይባላል። ትሁን። በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው የተያዘ እናት ግን ራሳቸው መገላበጥ ስለማይችሉ፣ ሌሊትም ጭምር በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን ሊቀየርላቸው ይገባል። አለዚያ የሰውነታቸው ክብደት በጅራት አጥንት፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ የደም ዝውውሩን ያፍነውና ቆዳው መሞት ይጀምራል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ ስለማይታይ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን መለየት ያስፈልጋል። ይህን የማታውቅ ታማኝ አስታማሚ፣ ታማኝነቷ ሳይጓደል፣ እናታችንን ለአልጋ ቁስል ትዳርጋለች።

ስለዚህ ከመቀጠሯ በፊት አልጋው አጠገብ ቆማ ትታይ። «እማማን ወደ ቀኝ አዙሪያቸው» በሏትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ከመንካቷ በፊት «እማማ፣ ላዞርዎት ነው» ትላለች? እጇን ከትከሻና ከዳሌ ሥር ታስገባለች ወይስ የማይሠራውን ክንድ ይዛ ትጎትታለች? እንዲህ ያለው መጎተት የዛለ ትከሻን ከቦታው ሊያወጣ ይችላል። ካዞረቻቸው በኋላ የአንሶላውን ጭምድድ ታቃናለች? ተረከዛቸውን ታያለች? ስታበላቸውስ ቀና ታደርጋቸዋለች ወይስ እንደተኙ ታጎርሳቸዋለች? ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል። በዚህች አጭር ጊዜ የምታዩትን የትኛውም ዋስ አይነግራችሁም።

«ሰውን መፈተን መናቅ ነው» የሚሉ አሉ። ሹፌር ስንቀጥር መኪናውን ንዳ እንል የለም እንዴ? «የሠለጠነ ሰው ውድ ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ ለማዞርና ለመዳሰስ ዲግሪ አያስፈልግም፣ አንዲት ነርስ ቤት መጥታ ልታሳያት ትችላለች። ከወንጀል ነፃ የሚለው የፖሊስ ማስረጃም ያለፈውን እንጂ የእጇን ሙያ አይመሰክርም።

ሌላ ፈታኝ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የሥራ ተቆጣጣሪ የአባታችንን መኝታ ቤት አያንኳኳም። ፈታኙ ቤተሰቡ ራሱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዋሱ ወረቀት ጭራሹን ይቅር፤ እጇን ሳያይ የቀጠረ ልጅ ወላጁን ለዕድል ሰጥቷል።