ሠላሳ አካውንት፣ አንድ ሰው

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ "ምክር" ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። እንዲህ ይላል፦ አንቲ-ዲቴክት ብሮውዘር አውርዱ፣ ፕሮክሲ ግዙ፣ እያንዳንዳችሁ ሃያ ሠላሳ አካውንት ክፈቱ፤ ፌስቡክም ኤክስም አይነቃባችሁም፤ ከዚያ በኋላ ማን ይችለናል? በኢንቦክስ "ገጹ ለምን ይሄንን አያስተምረንም?" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁማ "እነሱ ሲያደርጉት እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንይ ወይ?" ብላችሁ ተቆጥታችኋል። ቁጣችሁ ይገባናል። መልሳችን ግን አይሆንም ነው። "ክልክል ነው" ብሎ ማለፍ ደግሞ የካድሬ አነጋገር ስለሆነ፣ ለምን እንደማይሆን በዝርዝር እንነጋገር።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። አንድ ድረ-ገጽ ስትከፍት የሚያየው ስምህንና የይለፍ ቃልህን ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻህን፣ ማለትም አይፒህን ያያል። የስክሪንህን ስፋት፣ ኮምፒውተርህ ላይ የተጫኑትን የፊደል ዓይነቶች፣ የሰዓት ቀጠናህን፣ የመረጥከውን ቋንቋ፣ ግራፊክስ ካርድህ ሥዕል ሲስል የሚያሳየውን ጥቃቅን ልዩነት ሳይቀር ይለቅማል። እነዚህ ሲደመሩ እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽኑ ተመራማሪ ፒተር ኤከርስሊ ከ470 ሺህ በላይ ብሮውዘሮችን መርምሮ 83.6 በመቶ የሚሆኑት ከሌላ ከማንም ጋር የማይመሳሰል አሻራ እንዳላቸው አሳይቷል። ኩኪ ብታጠፋም አሻራህ እዚያው ነው።

አንቲ-ዲቴክት ብሮውዘር ይህን አሻራ የሚያምታታ መሣሪያ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ "ፕሮፋይል" ትከፍታለህ፤ እያንዳንዱ የራሱ ኩኪ፣ የራሱ የውሸት ስክሪን፣ የራሱ የውሸት ግራፊክስ ካርድ ይኖረዋል። አሻራው ተለያይቶ አይፒው አንድ ከሆነ ግን ብዙ አያስኬድም፤ ስለዚህ ለየፕሮፋይሉ ፕሮክሲ ይሰጠዋል። ፕሮክሲ መሃል ላይ የቆመ ተላላኪ በለው። አንተ ለእሱ ትልካለህ፣ እሱ ለፌስቡክ ያደርሳል፤ ፌስቡክ የሚያየው የተላላኪውን አድራሻ ነው። ርካሹ ከዳታ ሴንተር የሚወጣው ነው። ውዱ ከሰው ቤት ዋይፋይ ወይም ከሞባይል ኔትወርክ የሚወጣው ነው፤ እውነተኛ ሰው ስለሚመስል።

መሣሪያው በራሱ ወንጀል አይደለም። ማስታወቂያው በሌላ አገር እንዴት እንደሚታይ የሚያጣራ ድርጅት አለ፣ የብዙ ደንበኛ ገጽ የሚያስተዳድር ፍሪላንሰር አለ። ከእነሱ ጋር ጠብ የለንም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ተላላኪ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር "911 ኤስ5" የተባለ ትልቅ የፕሮክሲ መረብ ማፍረሱን አስታወቀ። መረቡ ከ190 በላይ በሆኑ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻዎች ነበሩት። እነዚህ የሰው ቤት ኮምፒውተሮች ከየት መጡ? ባለቤቶቹ "ማስክ ቪፒኤን" እና "ዲው ቪፒኤን" የመሳሰሉ ነጻ ቪፒኤኖችን ጭነው ነበር፤ ቪፒኤኑ በጓዳ በር ኮምፒውተራቸውን ለሌላ ሰው ያከራይ ነበር። ተከራዮቹ በዚያ አድራሻ ማጭበርበር ፈጸሙ፣ የቦምብ ዛቻ ላኩ። ባለቤቱ ምንም አያውቅም፤ የሚታየው አይፒ ግን የእሱ ነው። እንግዲህ ዛሬ "የሰው ቤት አይፒ" ተብሎ የሚሸጥላችሁ ፕሮክሲ የማን ቤት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉብን አገር ምድሩ ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ሲጭን ነበር። ያኔ "ይሄን ማን ሠራው? በምን ይኖራል?" ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። አሁንም ስልካችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት፤ ይሄ ከፖለቲካ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ብሮውዘሩስ? ሠላሳ አካውንት የያዘ ብሮውዘር ሠላሳ ቁልፍ የያዘ ከረጢት ነው። ከገባህ በኋላ የሚቀመጠው ኩኪ ያለ ይለፍ ቃል፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ሳይነካ በር ይከፍታል። እነዚህ ብሮውዘሮች ደግሞ ፕሮፋይሎችህን ኩኪያቸውን ጨምሮ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ክላውድ ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አድስፓወር በተባለው ታዋቂ አንቲ-ዲቴክት ብሮውዘር ላይ ሰርጎ ገቦች ገብተው የክሪፕቶ ዋሌት ማሟያውን በተመረዘ ቀየሩት፤ 4.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዘረፈ። ያ እንግዲህ በገንዘብ የተገዛው፣ ኩባንያ ያለው ነው። በየግሩፑ "ክራክ የተደረገ፣ በነጻ" እየተባለ የሚላከውን ፋይል ማን እንደነካካው ፈጣሪ ይወቀው። አንድ የገጽ አድሚን ያንን ላፕቶፑ ላይ ከጫነ፣ ያስረከበው የራሱን ፌክ አካውንቶች ብቻ አይደለም፤ የገጹን ቁልፍ፣ ኢንቦክስ ውስጥ በእምነት የጻፉልንን ሰዎች ስምና ስልክ ጭምር ነው። እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ይሄ ነው። ለዚህ ገጽ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዶቹ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጠው የሚጽፉ ናቸው።

ደግሞስ ይሠራል ወይ? "አይነቃባችሁም" የሚለው የነጋዴ ወሬ ነው። መድረኮቹ የሚያዩት አሻራና አይፒ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። እንደውም አይፒ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኛ አንድ አይፒ ይጋራል። የሚያጋልጠው ጠባይ ነው። ሠላሳ አካውንት በአንድ ሰሞን ተከፍቶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ጽሑፍ ከነፊደል ስህተቱ ለጥፎ፣ እርስ በርሱ ላይክ ተደራርጎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አብሮ ይተኛል። ይህንን የትኛውም ፕሮክሲ አይሸፍነውም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2021፣ ከምርጫው ጥቂት ቀናት በፊት፣ ፌስቡክ ከኢትዮጵያ የሚንቀሳቀስ አንድ መረብ አፈረሰ፦ 65 የፌስቡክ አካውንት፣ 52 ገጽ፣ 27 ግሩፕ፣ 32 የኢንስታግራም አካውንት። ፌስቡክ ከመረቡ ጋር ያያያዛቸው ሰዎች ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው ናቸው ብሏል። ስሙን ልብ በሉ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት! ሥራዬ ብሎ የተቀመጠ ተቋም ስሙ የተነሳበትን ነገር፣ በወር ጥቂት ዶላር ከፍሎ ፕሮክሲ የሚከራይ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያመልጠዋል ማለት ዘበት ነው። ዶላሩስ ከየት ነው? ብሩ በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኪስ ገንዘቡን ለማያውቀው ሻጭ በክሪፕቶ የሚልክ ወጣት ስንሰማ ያሳዝነናል። መጽሐፍ ይገዛበት ነበር።

ከቴክኒኩ እንውጣ። ዋናው ነገር የፖለቲካው ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2016 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ አንድ እስላማዊ ማዕከል ፊት ለፊት ሁለት ሰልፎች ተገናኙ። አንደኛው "ሃርት ኦፍ ቴክሳስ" በተባለ የፌስቡክ ገጽ የተጠራ ጸረ-እስልምና ሰልፍ ነበር። ሁለተኛው "ዩናይትድ ሙስሊምስ ኦፍ አሜሪካ" በሚል ገጽ የተጠራ ነበር። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ቁጣቸውም እውነተኛ ነው፤ መንገድ ለመንገድ ተያይተው ተጯጯሁ፣ ፖሊስ መሃል ቆመ። በኋላ የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴ እንዳወጣው ሁለቱንም ገጾች ያንቀሳቅስ የነበረው አንድ ቢሮ ነው፤ እሱም ሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው የኢንተርኔት ሪሰርች ኤጀንሲ። የወጣው ወጪ 200 ዶላር ገደማ ነበር ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 በቀረበው ክስ ላይ እንደተጻፈው ቢሮው አሜሪካ ውስጥ ሰርቨር ተከራይቶ በቪፒኤን እዚያው ያለ መስሎ ይገባ ነበር። ያው የኛ ልጆች "አዲስ ነገር" ብለው የሚልኩልን ዘዴ ማለት ነው።

ይህንን ታሪክ ያመጣነው ለሩሲያ ወይም ለአሜሪካ ተቆርቁረን አይደለም። በእኛ አገር የሚያስከትለውን ስለምናውቅ ነው። በሌላ ብሔር ስም፣ በሌላ ሃይማኖት ስም አካውንት ተከፍቶ፣ የራስ ወገን ተሰድቦ፣ ስክሪንሾቱ ተነስቶ፣ "ይኸው እዩ ምን እንደሚሉን!" ተብሎ ሲዞር አላየንም? አይተናል። ስድቡን የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ስክሪንሾቱ የሚደርሰው ግን ሁለት ብሔር ተጋብቶ፣ ተጋምዶ በሚኖርበት የገጠር ከተማ ነው። እዚያ ነገሩ በኮመንት አያልቅም። "ለትግሉ ስል ነው" ብሎ በሠላሳ ፊት የሚጽፍ ሰው፣ ነገ ከሠላሳው አንዱን ፊት የጎረቤቱን አስመስሎ ላለመጠቀሙ ምን ዋስትና አለን? መሣሪያው አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ብዙ የማይወራ። ፌክ አካውንት ጠላትን ከማታለሉ በፊት እኛን ያታልላል። ሺህ ላይክ አይተን ሺህ ሰው ከኋላችን አለ ብለን ብንወስን፣ ላይኩም የአርባ ልጆች ሥራ ቢሆን፣ መንገድ ላይ የሚወጣው ማን ነው? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። አንድ ቀሽም ጽሑፍ ሁለት መቶ "እሳት ነህ ወንድሜ!" ሲዘንብበት ጸሐፊው ዳግም አይታረምም። ገጻችን በተሳሳተ ጊዜ የታረመው በስማችሁ ወጥታችሁ "ይሄ ልክ አይደለም" ስላላችሁን ነው።

በጦርነቱ ጊዜም ያየነው ነው። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከቴል አቪቭ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ ትዊተር እንዴት እንደሚከፈት ከልጆቻቸው ተምረው በእውነተኛ ስማቸው ገቡ። አዲስ አካውንት፣ ጥቂት ተከታይ፣ ተመሳሳይ ሃሽታግ፤ ወዲያው "ቦት" ተባሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ትዊተር የትሬንድ ዝርዝሩን ለኢትዮጵያ ለጊዜው እስከ መዝጋት ደረሰ። ስንት እውነተኛ ለቅሶ ከውሸቱ ጋር አብሮ ተጠረገ! አንድ ፌክ አካውንት በተከፈተ ቁጥር የእነዚያ እናቶች ድምፅ "ይሄም ቦት ነው" ለሚል ሰው ተላልፎ ይሰጣል።

"ስሜን ብገልጽ ከሥራ እባረራለሁ፣ እታሰራለሁ" ለምትሉ፦ እናንተን አይደለም የምንለው። አንድ ሰው በአንድ የብዕር ስም መጻፉ የኖረ ልማድ ነው። ኤክስና ቴሌግራም በብዕር ስም መጻፍን አይከለክሉም፤ ፌስቡክ ግን በሌላ ስም የተከፈተ የግል አካውንት ሲያገኝ ይዘጋል፣ ስለዚህ መድረካችሁን ምረጡ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የብዕር ስም ያለው ሰው ሲሳሳት የሚወቀሰው ያው ስም ነው። ሠላሳ ፊት ያለው ግን አንዱ ሲቃጠል በሌላው ይመጣል።

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን በብዙ ነገሩ እንተቸዋለን፤ ግን ሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብዳል። ለ"ዘመቻ" ተብሎ በተዋሰ ሲም ካርድ አካውንት ሲከፈት ደግሞ፣ ፖሊስ መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኳው ሲሙ በስሙ የወጣለትን ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው የልጁ እናት ናት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከአንድ በላይ ገጽ የምታስተዳድሩ አድሚኖች ብዙ የግል አካውንት አያስፈልጋችሁም። ሜታ ቢዝነስ ስዊት በአንድ እውነተኛ አካውንት ብዙ ገጽ ያስተዳድራል፤ ለየሰዉም የሥራ ድርሻ መስጠት ይቻላል፤ ሙሉ ሥልጣን ግን ለሁለት ለሦስት ሰው ብቻ ይሁን። የግሉንና የገጹን ሥራ መለየት የፈለገ ክሮም ላይ ሁለት ፕሮፋይል ይክፈት ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኮንቴይነር ይጠቀም፤ ሁለቱም በነጻ ነው፣ ኩኪውን ይለያል፣ ማንንም አያታልልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከተቻለ ከኤስኤምኤስ ይልቅ በአፕ አድርጉት። ከአድሚንነት የለቀቀ ሰው ስሙ በዚያው ቀን ይነሳ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

እኛም በበኩላችን ከዛሬ ጀምሮ ፌክ መሆኑ በግልጽ የሚታወቅ አካውንት የሚጽፈውን ኮመንት እናነሳለን፤ እኛን የሚያወድስ ቢሆንም። መጀመሪያ የሚነሳውም የሚያወድሰን ነው። የላይኩ ቁጥር ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ሲም ካርዳችሁን ወይም የፋይዳ ቁጥራችሁን ለዚህ ጉዳይ ያዋሳችሁ ካላችሁ፣ ሲሙን መልሳችሁ ተቀበሉ፣ በቁጥሩ የተከፈተውን አካውንት በራሳችሁ እጅ አስዘጉ። እንዴት እንደሚዘጋ ያልገባው በኢንቦክስ ይጻፍልን፣ ስም አንጠይቅም።