የመንገድ ምክር፦ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ



ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን ከፍ ብላ የምትገኘው አሸተን ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥራዋ በቅዱስ ላሊበላ ተጀምሮ በቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ዘመን እንደ ተፈጸመ በትውፊት ይነገራል። በዚህ ዕትም ስለ መንገዷ የምንጽፈው በተለይ ከቆላና ከባሕር ማዶ ለሚመጡ፣ በሪያድ ከተማ በሱለይና በሌሎችም ሰፈሮች ኖረው ለአጭር ዕረፍት ወደ ሀገራቸው ለሚመለሱ ወገኖቻችን ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አሸተን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። መንገዱ ለብርቱ እግረኛ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያ በማሳዎችና በጎጆዎች መካከል ይወጣል፤ ኋላም ገደሉን ታክኮ እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻ በአለት መካከል በተከፈተ ጠባብ መተላለፊያ ያስገባል። በቅሎ አብዛኛውን መንገድ ታደርሳለች፤ የመጨረሻው አቀበት ግን የእግር ነው። ከላይ ሲቆሙ ከተማዋ ከእግር በታች ትሆናለች፤ የላስታ አምባዎችና ሸለቆዎችም እስከ አድማስ ተዘርግተው ይታያሉ።

ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 600 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የመጣ ሰው በአሸተን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በሪያድ ከለመደው ከአራት እጅ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በደረሱ ማግስት አቀበት መጀመር አይገባም፤ ሁለት ቀን በከተማዋ ዐርፎ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ተሳልሞ፣ ውኃ አብዝቶ ጠጥቶ በሦስተኛው ቀን በማለዳ መነሣት ይሻላል። በመንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወደ ላይ አይቀጥል። ዐረፍ ብሎ ካልተሻለው ሰው አስከትሎ ይውረድ፤ ብቻውን አይተዉት።

ብዙዎችን የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በእግሬ እወጣለሁ ብዬ ተስያለሁ፤ ጉልበቴ ግን አልቻለም፤ በቅሎ ብቀመጥ ስእለቴ ይፈርሳልን?» የሚል ነው። የዚህ መልስ ከመንገድ ላይ አይገኝም፤ ከመነሣታችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። የሕመምተኛን ጾም እንደ አቅሙ የሚያቀልሉ አባቶች የደከመውንም እግር ያዩለታል። የልብ ድካም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁም አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መድኃኒታችሁንም ከእጃችሁ አትለዩ። ዓመታትን በሰው ሀገር ደክሞ የመጣ ሰው ቤተሰቡ በደኅና እንዲመለስ ይጠብቀዋል፤ እመቤታችንም ከከተማው ሆኖ የሚለምናትን ትሰማለች።

የቀረው አጭር ነው። በክረምት አለቱ ያዳልጣልና በትር ያዙ፤ ጫማችሁም የማያንሸራትት ይሁን። በደጁ ጫማችሁን አውልቁ፤ ለፎቶግራፍ ወደ ገደሉ አፋፍ አትጠጉ፤ የውኃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ውረዱ። በቅሎ የምትከራዩ ዋጋውን ከታች ተስማሙ፤ አቀበት ላይ የሚዘረጋላችሁን የገበሬ ልጅ እጅም አትናቁ።

የወጣችሁትን በሰላም ያውርዳችሁ፤ ያልወጣችሁትንም እንደ ልባችሁ መሻት ይፈጽምላችሁ። አሜን።