ለባልጩቱ ማን ይከራከርለት?

ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ባቱ፣ ወደ ድሮዋ ዝዋይ፣ የምትመላለሱ ወገኖቼ፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ ያለውን የጋደሞታን ተረተር አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጥቁር ባልጩት መሬቱ ላይ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። አንድ ወዳጄ ከዚያ አንዲት ስል ድንጋይ አንስቶ ኪሱ ከተተና “ስንት ዘመኗ ይሆን?” አለኝ።

እኔ ምን አውቄ! አዋቂም ቢሆን በመልኳ ብቻ ለመፍረድ ይቸገራል። በጉራጌና በሲዳማ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ባልጩት ጠርበው ሲፍቁበት ኖረዋል። የእነሱና የጥንቱ ሰው መፋቂያ ሜዳ ላይ ተደባልቀው ቢያሳስቱ ምን ይገርማል? የሚለያቸው የተኙበት የአፈር ንጣፍ ነው፤ ከታች ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል። ፔትሪ የሚባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግብፅን የጥንት መቃብሮች አንዲት የዓመት ቁጥር ሳይኖረው፣ ሸክላቸውን ብቻ እያስተያየ በቅደም ተከተል ደርድሯቸዋል። እሱ ግን የትኛው ገንቦ ከየትኛው መቃብር እንደወጣ ያውቅ ነበር።

ለጋደሞታ ደግሞ እሳተ ገሞራ ውለታ ውሎለታል። በንጣፎቹ መሃል አመድ አልብሶለታል፣ የአመዱ ዕድሜ ይለካል። አሜሪካዊው ፍሬድ ዌንዶርፍ ከባልደረቦቹ ጋር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቆፈረ በኋላ የተሰጠው ዕድሜ 180,000 ዓመት ግድም ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ አዲስ ልኬት ወደ 276,000 ወጣ! በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኛው ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ ከዚያ የወጡ ሹል ባልጩቶች የተወርዋሪ ጦር ጫፍ እንደነበሩ፣ ዕድሜያቸውም ከ279,000 ዓመት እንደሚበልጥ ጻፉ።

ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የታረመው ንጣፉ በቦታው ስለጠበቀ ነው። ኪስ የገባችውን ድንጋይ ማን መልሶ ይለካታል?

ኪስስ ስንት ይይዛል? በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ዙሪያ አሸዋውና ፑሚሱ የሚዛቀው በዶዘር ነው። ቤት አይሠራ አላልኩም፣ እኔም የምኖረው ብሎኬት ቤት ነው። ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፣ ሲቆፍር ቅርስ ያጋጠመው ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ደንግጓል። ይህን ለዶዘር ነጂው የሚነግረው ማነው? የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ አንዲት ገጽ ማሳሰቢያ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አብራ ብትሰጥ ምን ይጎድላል?

ወዳጄ ባልጩቷን ቡፌው ላይ አስቀምጧታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር “የሺህ ዓመታት ዕቃ ናት” ይላል። የስንት ሺህ? ሲሉት ዝም።