የኩል መኳያችንን እንጠብ

ኩል ያስውባል። ለበዓል እንኳላለን። ለሠርግ እንኳላለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኳያው፣ ስለዚያች ቀጭን ዘንግ ነው።

በብዙ ቤት መኳያው አንድ ነው። እናት ትኳልበታለች። ከዚያ ልጇን ትኩልበታለች። ጎረቤት ሠርግ ሲጠራት ትዋሰዋለች። መኳያው ተመልሶ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ታጥቦ ያውቃል? አያውቅም።

ታዲያ ምን ይጎዳል?

ትራኮማ የሚባል የዓይን በሽታ አለ። የሚያመጣው በጣም ትንሽ፣ የማይታይ ጀርም ነው። ጀርሙ በታመመ ሰው ዓይናር ውስጥ ይገኛል። በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። መኳያም ከዓይን ወደ ዓይን ሊያሻግረው ይችላል።

አንድ ጊዜ ቢይዝ አያሳውርም። ጉዳቱ የሚመጣው ለዓመታት ሲመላለስ ነው። የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ቆስሎ ጠባሳ ይሆናል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዓይን በተከፈተና በተከደነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። በመጨረሻ ብርሃን ይጠፋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዳሉ፤ ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

አንዲት እናት በማታው ክፍል፣ «ልጄ፣ እኛ በአንድ መኳያ ተኩለን አርጅተን የለም ወይ?» አሉኝ።

«እድሜ ይስጥዎት፣ እማማ። ግን በሠፈራችን ዓይናቸው የጠፋ የሉም?» አልኳቸው።

«አሉማ» አሉ። ቆይተውም፣ «ታዲያ በምን ይታጠባል? ገንዘብ የለኝም» አሉ።

ገንዘብ አይፈልግም። እንዲህ አድርጉ፦

1. መኳያውን በውሃና በሳሙና እሹት። የልብስ ሳሙና ቁራጭ ይበቃል። የደረቀው ኩል ሁሉ ይልቀቅ።

2. ቡና ተፈልቶ ጀበናው ሲወርድ ፍሙ ይቀራል። በፍሙ ላይ ውሃ በጣሳ ጣዱ። ሲንተከተክ የብረቱን መኳያ ክተቱበት። 10 ደቂቃ ይፍላ። ጣሳውን ለምግብ አትጠቀሙበት።

3. በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት። በምራቅ አታርጥቡት።

መኳያው የእንጨት ከሆነ በስንጥቁ እድፍ ይቀራል። ሲያረጅ ጣሉትና ሌላ ጥረቡ። እንዶድና አመድ ልብስና ዕቃ ያጸዳሉ፤ ዓይን ግን ያቃጥላሉ። ለመኳያ አይሁኑ።

ማጠብ ብቻውን አይበቃም። ለአንድ ሰው አንድ መኳያ፣ አንድ ብልቃጥ ይሁን። ዓይኑ የቀላ ወይም ዓይናር የበዛበት ሰው እስኪድን አይኳል። ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት አለ። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበት ሰውም በወረንጦ እየነቀለ አይቆይ። የሚያቃና ቀዶ ሕክምና አለ። የልጆችን ፊት ደግሞ በየቀኑ እንጠብ።

ሌላም ነገር አለ። ከድንጋይ በሚፈጨው ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባል ብረት ሊኖር ይችላል። የምንጽፍበት እርሳስ ማለት አይደለም፤ ስማቸው ብቻ አንድ ነው። ይህ ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መኳያን በማጠብ አይለቅም። ስለዚህ ሕፃናትን አትኳሉ።

ጥያቄዎች
በቤታችሁ ስንት መኳያ አለ? ስንት ሰው ይኳልበታል?
ትራኮማ ከሰው ወደ ሰው በምን በምን ይሄዳል?
ይህን ለማን ታነቡለታላችሁ?