«ትንሽ» ስንት ግራም ነው?

ጋዜጠኝነት ስንጀምር መጀመሪያ የተማርነው ስድስቱን ጥያቄዎች ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። እኔ ሰባተኛ ይጨመርልን እላለሁ፤ «ስንት?»። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

አየር ጤና በተከራየንበት ግቢ ያሉ አንዲት ጎረቤታችን የገላ ሳሙና ዋጋ ሲያማርራቸው «አንቺ የተማርሽ አይደለሽ፣ እስቲ አሠራሩን ፈልጊልኝ» አሉኝ። ከአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ሰምቼ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ነበረኝ። «ግማሽ ሊትር ዘይት፣ አንድ የቡና ሲኒ ኮስቲክ ሶዳ» ብዬ አነበብኩላቸው። ሠሩት። አራት ሳምንት አስቀምጠው ልጃቸው ስትታጠብበት እጇ አቃጠላት፤ በማግስቱ ቀልቶ ይላጥ ጀመር።

ኬሚስትሪ የሚማር ጓደኛዬን ስጠይቀው መጀመሪያ ያለኝ «የምን ዘይት?» ነው። ሬዲዮው የኮኮናት ዘይት ብሎ ነበር። እኔ ቸኩዬ «ዘይት» ብቻ ጻፍኩ። እሳቸው ደግሞ ቤት ያለውን የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ።

ልዩነቱ ይኸውላችሁ። 500 ግራም የኮኮናት ዘይት ሳሙና ለመሆን 91 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ለ500 ግራም የሱፍ ዘይት ግን 67 ግራም ያህል ይበቃዋል። የኮኮናቱን ልክ ለሱፉ ከሰጠነው ወደ 24 ግራም የሚጠጋ ኮስቲክ ሶዳ የሚዋሃደው ዘይት ያጣል። ሳሙናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቆዳ ይጠብቃል ማለት ነው። ሲኒውም ቢሆን የእርስዎና የእኔ እኩል አይደለም፤ የደቀቀው ኮስቲክ ሶዳና ቅርፊት የሚመስለውም አንድ ሲኒ ውስጥ እኩል አይመዝኑም። ለዚህ ነው ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ሁሉንም በግራም የሚመዝኑት፤ ከልኩም ላይ ኮስቲክ ሶዳውን 5 በመቶ ያህል የሚቀንሱት።

«እናቶቻችን መቼ መዘኑ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለጋ ቅቤ ፀጉር ላይ ሲበዛ አንገት ላይ ይወርዳል እንጂ አያቃጥልም። ወጥም በዓይን ይሠራል፤ እጃቸው ያውቃል። ኮስቲክ ሶዳ ግን እንደ በርበሬ አይቀመስም። በዓይን የሚለካና በሚዛን የሚለካ ነገር መለየት አለበት። የግራም ሚዛን የሌለው ሰው ቅባት ይቀባ፣ ሳሙናውን ይተወው።

ዋናው ወቀሳዬ ግን ወደ ራሴና ወደ እኛ ነው። የውበት ዓምድ በትምህርት ክፍላችን «ቀላል ሥራ» ተብሎ ለጀማሪ ይሰጣል። የሚኒስትር ስም ስንሳሳት እርማት እናወጣለን፤ «ትንሽ»፣ «ጥቂት»፣ «በመጠኑ» ብለን ስንጽፍ ግን የሚጠይቀን የለም። በሬዲዮም በቲክቶክም የምንሰማው ይኸው ነው። ሰው ግን የሚኒስትሩን ስም ፊቱ ላይ አይቀባም፤ የእኛን «ትንሽ» ይቀባል።

ስለዚህ ለዚህ ቡለቲን አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። ማንኛውም የአሠራር ጽሑፍ የእያንዳንዱን ነገር ሙሉ ስምና ልኩን በግራም ካልያዘ፣ የሚያውቅ ሰውም ካላየው፣ አይውጣ። ቦታ ጠበበ ከተባለ ከመግቢያው ይቀነስ እንጂ ከልኩ አይቀነስ።

የልጅቷ እጅ ድኗል። እናቷ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሬዲዮው ነው» ይሉኛል። ሬዲዮው ግን «የኮኮናት» ብሎ ነበር።