በሽተኛው ያልተጠራበት ጉባኤ

በሀገራችን ዓመታዊ ሳይንሳዊ ጉባኤ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ሆቴሉ የቱ ይሁን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አበሉስ?» ይሆናል። ከዚያ ቦርሳው፣ ባነሩ፣ የክብር እንግዳው፣ የሻይ ዕረፍቱ ይከተላል። ሳይንሱ? እሱማ መቼም አይቀርም፤ «ጥናታዊ ጽሑፍ ላኩ» የሚል ማስታወቂያ ከወጣ የሚመጣው ይመጣል። «ይህ ሁሉ ሰው የሚሰበሰብለት በሽተኛ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን አጀንዳ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ነገሩን የማነሣው እንዲሁ አይደለም። የቆዳ በሽታ ተመራማሪዎችን ዓመታዊ ስብሰባ ለማዘጋጀት ደፋ ቀና ከሚሉት አንዱ ወጣት ሐኪም ወዳጄ ነው። ጎረቤቴም ስለሆነ የዕቅዱን ረቂቅ አምጥቶ «ጋሼ፣ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። አየሁለት። አማርኛው ብዙም አያስከፋም። የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴ አለ፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ንዑስ ኮሚቴ አለ፣ የኅትመት ንዑስ ኮሚቴ አለ። «ታማሚ» የሚለው ቃል የመጣው ግን ከመቶኛ ጋር ተያይዞ ብቻ ነው። አማርኛው ራሱ የሚያገለግለው ለመጥሪያ ወረቀቱና ለመክፈቻ ንግግሩ ነው፤ ዋናው ነገር በእንግሊዝኛ ይካሄዳል። ወዳጄን አልወቅሰውም። ኮሚቴው የተከተለው የሁላችንንም ልማድ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ገጣሚ ያልተጠራበት የግጥም ጉባኤ ስናደርግ ኖረናል። በዚያ ግን ማንም አልቆሰለም። የቆዳ ነገር ይለያል።

ልደታ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚታየው ፍርድ ቤቱ ነው። ለእኔ ግን ቀድሞ የሚታየኝ በጠዋት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ገበሬ፣ ፊቷን በነጠላዋ የሸፈነች ልጅ፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ አባወራ። ልቡን የሚያመው ሰው ሕመሙን በደረቱ ይዞ ታክሲ ይሳፈራል፤ ማንም አያውቅበትም። ቆዳውን የሚያመው ግን ከሐኪም በፊት ወያላው፣ ጎረቤቱ፣ አማቱ ይመረምሩታል፤ ፍርዱንም እዚያው ይሰጡታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እሱ ልደብቀው ቢልስ የት ይደብቀዋል?

ለመሆኑ ስለ ቆዳ በሽታ የምናውቀውን እንዴት አወቅነው? ዝሆኔን እንውሰድ። ደጋ ላይ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ሰው የሚይዘው ዝሆኔ ከትል የመጣ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ያወጣለትም፣ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ሐኪም ነው። እሱን የመሰሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገበያ ቀን ገበያ መሐል ቆመው የሰው እግር ይቆጥሩ ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በዚህ በሽታ የተያዙትን ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ወደ 1.5 ሚሊዮን ገምቷቸዋል። መከላከያው ጫማ ነው፤ ማስታገሻው ውኃና ሳሙና። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ጉባኤ ጫማ ሠሪና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳይጠራ ምን ሊመክር ይሰበሰባል?

እከክንም እንይ። በ2015 እና በ2016 (እ.ኤ.አ.) በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል ሲዛመት፣ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ 379 ሺሕ የሚሆነው ታሞ ተገኝቷል። ያን ሁሉ ሕዝብ ከተማ በተሰበሰቡ ጥቂት ስፔሻሊስቶች ማየት አይቻልም፤ ሸክሙ የሚወድቀው በወረዳና በቀበሌ ባለሙያ ላይ ነው። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ይህ ቀድሞ ስለገባው ነው፣ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች እየተቀበለ የሚያስተምረው። በእኛ አዳራሽ ግን እከኩን ያየችው ባለሙያ የለችም፤ እሷ የሞላችው ቅጽ ብቻ ነው የሚመጣው።

ወደ ቋንቋው ልግባ፤ እንጀራዬ ነበርና። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ሲል ሁለት በሽታ ጠቅልሎ ነው፤ ከአፈር የሚመጣውንና በትንኝ የሚተላለፈው የፋይላሪያ ትል የሚያመጣውን። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው፤ ለትሉ የሚሰጠው ክኒን አፈሩን አያድነውም። «ለምጽ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ንዕማንን ለምጻም ይለዋል፤ በዕለት ንግግራችን ግን ለምጽ የምንለው ቆዳ ቀለሙን የሚያጣበትን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ነው። አንዲት ልጅ እጇ ላይ ነጭ ነጥብ ስለወጣ ብቻ የሺሕ ዓመታት ፍርሃት ይወርድባታል። «ቁምጥና»ን «ሥጋ ደዌ» ያልነው ቃሉ ራሱ ሰው ያቆስል ስለነበረ ነው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል? «ሌሽማኒያሲስ» እያሉ ሲወያዩ የዋሉ ምሁራን ማታ ወሎ ላለች እናት «ቁንጭር ነው፤ የሚድን ነው» የሚላትን ባለሙያ በምን ቋንቋ ነው ያዘጋጁት? እንግሊዝኛው ይቅር አልልም። የውጭ እንግዳ አለ፣ መጽሔት አለ። ግን ቀኑን ለሁለት መክፈል፣ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ከአንድ እራት ግብዣ አይበልጥም።

«በሽተኛን መድረክ ላይ ማውጣት ክብሩን መንካት ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እንደ ዕቃ ካቆምነው አዎ። ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋማችን ስሙን የተሸከመለት አርማወር ሐንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ታላቅ ሰው ነው። ይኸው ታላቅ ሰው አንዲትን ሕመምተኛ ሳያስፈቅድ በሽታውን ዓይኗ ላይ ለመክተብ በመሞከሩ በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆስፒታል ሥራው ተነሥቷል። ከዚህ የምንማረው «ሕመምተኛውን አትጥሩ» የሚል አይደለም። ፈቃዱን ጠይቁ፣ ተናጋሪ አድርጉት እንጂ መታያ አታድርጉት የሚል ነው። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች እኮ የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ማን ይናገርላቸው ብለን መጨነቅ አይጠበቅብንም።

«ስፖንሰሩ ሆቴል ይፈልጋል» የሚለውም አለ። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቆዳ ሕክምና ጉባኤ በ1889 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ሲደረግ ሊቃውንቱ የተሰበሰቡት ሴን ሉዊ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሕመምተኞች የሰም ቅርጽ በተደረደረበት ሙዚየም ነው። ፓሪስ ሆቴል አጥታ መሰላችሁ?

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጤና ትኩረት እንዲሆኑ ውሳኔ አሳልፏል። ደስ ይላል። ግን እናውቃለን፤ ውሳኔ ገንዘብ ይጠራል፣ ገንዘብ ስብሰባ ይጠራል፣ ስብሰባ ሌላ ስብሰባ ይወልዳል። ከወዲሁ ልማዳችንን ካላረምን ገንዘቡ ቦርሳና ባነር ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለኮሚቴው ከአማርኛ እርማቱ ጋር ይህንም ጨምሬ ሰጥቻለሁ። ጉባኤው እዚሁ ልደታ፣ ከሆስፒታሉ ሳይርቅ ባለ አዳራሽ ይሁን። ግማሽ ቀን በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ዘነበወርቅ ተሻገሩ፤ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፍሪካ ሐኪም ሲያሠለጥን የኖረ ማዕከል አጠገባችሁ ተቀምጦ ሪዞርት ፍለጋ አትውጡ። ከተናጋሪዎቹ ሲሶው ሕመምተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የወረዳ ነርስ ይሁን፤ መጓጓዣውና አበሉም ከፕሮፌሰሩ እኩል ይከፈል። የመጀመሪያው ስብሰባ አምና የወጣው የአቋም መግለጫ ይነበብበት፤ ከየአንቀጹ ሥር «ተደረገ» ወይም «አልተደረገም» ይባል። አዲስ መግለጫ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላል የሀገሬ ሰው። የቆዳ ሕመምተኛ እስከ ዛሬ ያልጮኸው ድምፅ አጥቶ ሳይሆን የሚሰበሰቡለት ሰዎች በር ዘግተው ስለሚነጋገሩ ነው። በሩን መክፈት የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴው ሥራ ይሁን።