አዲሱን ዲስክ አትውቀሱት
ዲስኩ የተቀየረለት ላፕቶፕ አልነሣ ሲል ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የአሮጌው ዲስክ አገለባበጥ ነው እላለሁ። ዩኢኤፍአይ በተባለው የማስነሻ ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ዊንዶውስን የሚያስነሣው ፋይል የሚቀመጠው በሲ ድራይቭ ሳይሆን ተጠቃሚው በማያያት፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ በምትሆን ክፍል ውስጥ ነው። ሲን ብቻ የገለበጠ ሰው ሰነዶቹን ሁሉ አሻግሮ ማስነሻውን አሮጌው ዲስክ ላይ ትቶታል ማለት ነው። ስለዚህ የሚገለበጠው ዲስኩ በሙሉ መሆን አለበት፤ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር ከበራም ባለ 48 አሃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይጻፍ፣ ያለ እሱ መረጃው ተቆልፎ ሊቀር ይችላልና። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይቀላል የሚሉ አሉ። ብዙ ላልተጫነበት ላፕቶፕ እውነታቸውን ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን ማን፣ በየትኛው የፈቃድ ቁልፍ እንደጫነው ለማይታወቅበት ቢሮ ግን ይህ ምክር ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። አሮጌውም ዲስክ አዲሱ ብቻውን መነሣቱ ሳይረጋገጥ አይደምሰስ።